ገቢና ወጪው የሚመዘገብ ሶፍትዌር፤ በሊኑክስ ማዘመንና ማንሳት

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር የሚገባውም የሚወጣውም በአብዛኛው በአንድ በር ነው። በሩን የሚጠብቀው ፕሮግራም የፓኬጅ አስተዳዳሪ ይባላል። ሥራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍልን ይመስላል። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይረከባል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ያስፈርማል፤ የትኛው ዕቃ በማን እጅ እንዳለ የሚናገረውም ከመዝገቡ እንጂ ከትዝታው አይደለም። የፓኬጅ አስተዳዳሪም እያንዳንዱ ፋይል ከየትኛው ፓኬጅ እንደመጣ፣ ፓኬጁ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ያለ እርሱ ሊሠሩ የማይችሉት ሌሎች ፓኬጆች የትኞቹ እንደሆኑ ጽፎ ያስቀምጣል። ማዘመንም ማንሳትም በዚህ መዝገብ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ችግር የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡ ሳይነበብ «እሺ» ሲባል፣ ወይም ከመዝገቡ ውጭ ፋይል ሲጨመርና ሲሰረዝ ነው።

ፓኬጅ ሲባል ኢትዮጵያዊ አድማጭ ቀድሞ የሚያስበው የስልክ ጥቅልን ነው፤ የቀን፣ የሳምንት፣ የሌሊት ጥቅል። እዚህ ግን ፓኬጅ ማለት የአንድ ፕሮግራም ፋይሎች፣ ስለ ፕሮግራሙ የተጻፈው መግለጫ፣ ሲጫንና ሲነሣ የሚፈጸሙት መመሪያዎች በአንድነት የታሰሩበት ፋይል ነው። ሁለቱ ፓኬጆች ከስም በላይ ይገናኛሉ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አንዱን ለማውረድ ብዙ ጊዜ ሌላውን መግዛት ያስፈልጋል።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ለዋና ከተማዋ ይህን ያህል ቢቀርቡም መብራትና ኔትወርክ ሁልጊዜ አሉ ተብሎ ሥራ አይጀመርባቸውም። በየመንገዱ ዳር ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚታየው ዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ በአብዛኛው ከዓይን የራቀ ሰርቨር ላይ ይሠራል። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ክፍት ሶፍትዌር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ደግሞ ለዊንዶውስ 11 የማይበቁ አሮጌ ላፕቶፖች ሊኑክስን የሚያስመርጥ ምክንያት አግኝተዋል።

እነዚህን ማሽኖች የሚረከብ ባለሙያ አንድ ልማድ ይዞ ይመጣል። በጥገና ቤት ኮምፒውተር ሲያዘግም ወይም ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው። በሊኑክስ ላይ ፎርማት የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ ከእርሱ በፊት መዝገቡን የሚጠይቁና የሚያስተካክሉ ብዙ መንገዶች አሉ።

የዛሬው አሠራር በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት መሠረተ፤ በዓመቱ ዲፒኬጂ የሚባለው መሣሪያ ተከተለ። ዲፒኬጂ የንብረት ክፍሉ ነው፤ እጁ ላይ የደረሰውን ፓኬጅ ፈትቶ ቦታ ቦታው ያስገባል፣ ይመዘግባል፣ ሲታዘዝም ያወጣል። ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቅም። አንድ ፓኬጅ ሌሎች አምስት ቢያስፈልጉት አምስቱን ፈልጎ ማምጣት የተጠቃሚው ዕዳ ነበር። ይህን ዕዳ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 ብቅ ብሎ በቀጣዩ ዓመት ከዴቢያን 2.1 ጋር የወጣው አፕት ነው። አፕት የግዥ ክፍሉ ነው፤ የሚፈለገው የት እንዳለ ያውቃል፣ የጎደለውን አስልቶ ያወርዳል፣ ከዚያ ለዲፒኬጂ ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ኡቡንቱ የተባለው ሥርጭትም የሚሠራው በእነዚሁ በሁለቱ ነው።

የማዘመን ሥራ ሁለት ትእዛዞች አሉት፤ በአማርኛ ሁለቱም «ማዘመን» እየተባሉ ስለሚደባለቁ መለየት ይገባል። የመጀመሪያው «አፕት አፕዴት» ነው። ይህ ትእዛዝ አንድም ሶፍትዌር አይነካም፤ የሚያድሰው ዝርዝሩን ብቻ ነው። ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ሲሰበስብ ምንም ዕቃ እንዳልገዛ ሁሉ፣ አፕትም በዚህ ደረጃ የሚያውቀው ፓኬጆቹ በኢንተርኔት በሚቀመጡበት ማከማቻ ውስጥ ምን አዲስ እትም እንዳለ ነው። ሁለተኛው «አፕት አፕግሬድ» በታደሰው ዝርዝር መሠረት አዲሶቹን እትሞች አውርዶ ይጭናል። የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ ኮምፒውተሩ ዘምኗል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ዘሎ ሁለተኛውን ብቻ የሚያደርግም አለ፤ እርሱ በአሮጌ ፕሮፎርማ ዕቃ ሊገዛ የሄደ ነው።

የአሮጌው ዝርዝር ጉዳት በግልጽ የሚታየው ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋርጦ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ወስዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሊኑክስ ማዘመኛ ስላላገኘ ሥራውን አያቆምም፤ ያለው እንዳለ ይቀጥላል። ግንኙነቱ ሲመለስ ግን በኮምፒውተሩ ያለው ዝርዝር የሚጠቅሳቸው እትሞች ከማከማቻው ተነሥተው በአዲስ ተተክተው ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ «404» የሚል ስሕተት ይመጣል። ባለሙያው ኔትወርኩን ከመጠርጠሩ በፊት ዝርዝሩን ቢያድስ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይፈታል።

ከተራው አፕግሬድ በላይ «ፉል አፕግሬድ» የሚባል አለ። ልዩነቱ ከባድ ነው። ተራው አፕግሬድ የተጫነን ፓኬጅ አያነሣም፤ አዲሱን እትም ለማስገባት ሌላ መነሣት ካለበት አዲሱን እትም ይተወዋል። ፉል አፕግሬድ ግን አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ያነሣል። ስለዚህ በሰርቨር ላይ ሲታዘዝ የሚነሡት ፓኬጆች ዝርዝር አንድ በአንድ መነበብ አለበት። «ሲሙሌት» የሚባለው አማራጭ ደግሞ ምንም ሳይነካ ምን ሊሆን እንደነበር ያሳያል፤ ዳታም አይበላም።

ከሩቅ የሚመጣ ፓኬጅ እንዴት ይታመናል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዝርዝሩ ጋር ይመጣል። ማከማቻው የሚያወጣው ዝርዝር በዲጂታል ፊርማ የታተመ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ፓኬጅ የአሻራ ቁጥር አለ። አፕት ፊርማውን ያረጋግጣል፣ የወረደው ፓኬጅ አሻራም ከዝርዝሩ ጋር ካልገጠመ አይቀበለውም። ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይከተላል። ፊርማው ያለው ዝርዝሩ ላይ እንጂ ፓኬጁ ላይ ስላልሆነ፣ ከጓደኛ ፍላሽ ተገልብጦ በቀጥታ በእጅ የሚጫን ፓኬጅ ይህ ጥበቃ የለውም። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አካባቢ ይህ ልዩነት ደጋግሞ መነገር ያለበት ነው።

ፊርማ ግን ሁሉን አይከላከልም። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ኤክስዚ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር ማግኘቱን አስታወቀ። የጠረጠረው በርቀት ወደ ማሽን ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አይቶ ነው። እትሞቹ በዴቢያንና ፌዶራ በተባለው ሌላ ሥርጭት የሙከራ መስመሮች ገብተው ነበር፤ ወደ ተረጋጉት እትሞች ገና አልደረሱም። መፍትሔው ወደ አሮጌው እትም መመለስ ነበር፤ ነገር ግን የፓኬጅ አስተዳዳሪ በተፈጥሮው የሚሄደው ከትንሽ ቁጥር ወደ ትልቅ ነው። ስለዚህ ዴቢያን «5.6.1፣ በእውነቱ 5.4.5» የሚል ትርጉም ያለው የእትም ቁጥር አወጣ፤ ቁጥሩ ወደ ፊት፣ ይዘቱ ወደ ኋላ። ለሥራ የሚውል ማሽን ለምን በተረጋጋው መስመር ላይ መቆየት እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከፊርማውም ከእትሙም በላይ የሚያሳስበው መብራት ነው። ማዘመን ሁለት ምዕራፍ አለው፤ ማውረድና መጫን። በማውረድ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ወይም ዳታ ቢያልቅ ምንም አይጎዳም፤ አፕት የወረደውን ግማሽ ፋይል ለብቻው አስቀምጦ በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል። በመጫን ላይ እያለ ከጠፋ ግን መዝገቡ ግማሽ ላይ ይቀራል። አንዳንዱ ፓኬጅ ተፈትቶ ገና አልተሰናዳም፣ አንዳንዱ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሙሉ በሙሉ አልገባም። መብራት ሲመለስ ሰውየው ሌላ ፕሮግራም ሊጭን ሲሞክር ሥርዓቱ እምቢ ይላል፤ ብዙ ኮምፒውተር ያለ ጥፋቱ ፎርማት የሚደረገው እዚህ ላይ ነው። ጥገናው ግን ሁለት መስመር ነው። «ዲፒኬጂ ኮንፊገር» ሁሉንም እንዲያሰናዳ ሲታዘዝ የተጀመሩትን ይጨርሳል፤ ከዚያ «አፕት ፊክስ ብሮክን» የጎደለውን ፈልጎ ያሟላል። ዲፒኬጂ እያንዳንዱን ደረጃ በመዝገብ ስለሚያሰፍር የት እንዳቆመ ያውቃል።

ሁለቱን ምዕራፎች በጊዜ መለየትም ይቻላል። «ዳውንሎድ ኦንሊ» የሚለው አማራጭ አውርዶ ብቻ ያስቀምጣል። የሱሉልታ ሱቅ ባለቤት በሌሊት ጥቅል አውርዶ፣ ጠዋት የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ያለ ኢንተርኔት ይጭናል። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ይህን ሥራ ያለ ዩፒኤስ ባይጀምረው ይመረጣል፤ በተለይ ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት በሚዘምንበት ቀን። ከርነሉ ሳይሰናዳ መብራት ከጠፋና ማሽኑ በአዲሱ መነሣት ካቃተው፣ ግራብ የሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም በሚያቀርበው ዝርዝር ውስጥ አሮጌው ከርነል አለ። በእርሱ ገብቶ ከላይ የተባለውን ጥገና ማድረግ ይቻላል።

ዳታን በተመለከተ ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ብዙ ማሽን ባለበት ቦታ ነው። አንድ የቡራዩ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተሮች አሉት እንበል፤ የወሩ ማዘመኛ ለአንዱ 300 ሜጋባይት ቢሆን ሁሉም ለየራሳቸው ሲያወርዱ 6 ጊጋባይት ይሄዳል። «አፕት ካሸር ኤንጂ» የሚባለው ፕሮግራም በአንዱ ማሽን ላይ ከተጫነና ሌሎቹ በእርሱ በኩል እንዲጠይቁ ከተደረገ፣ እያንዳንዱ ፓኬጅ ከውጭ የሚወርደው አንድ ጊዜ ነው፤ የቀሩት 19ኙ ከጎረቤታቸው ይወስዳሉ። ፊርማውንና አሻራውን እያንዳንዱ ማሽን ራሱ ስለሚያረጋግጥ በመሀል ያለው ማሽን እምነት አያጎድልም። ጭራሽ ኢንተርኔት ለሌለው ማሽን ደግሞ «አፕት ኦፍላይን» አለ፤ የሚፈለገውን ዝርዝር በፍላሽ አስይዞ፣ አዲስ አበባ በሚገኝ ሌላ ኮምፒውተር አስወርዶ፣ በዚያው ፍላሽ ያስመልሳል።

ኡቡንቱ የደኅንነት ማዘመኛዎችን ሳይጠየቅ ከጀርባ የሚጭን አገልግሎት አለው። ተጠቃሚው በዚያው ሰዓት ሌላ ነገር ሊጭን ሲል መዝገቡ በሌላ ሥራ ተይዟል የሚል መልእክት ያያል። መዝገቡ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጸሐፊ አይፈቅድም። በየቦታው የሚሰጠው ምክር የመቆለፊያ ፋይሉን መሰረዝ ነው፤ ይህ ሁለት ሰው በአንድ ገጽ ላይ ተደራርቦ እንዲጽፍ መፍቀድ ነውና መጥፎ ምክር ነው። ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። ስናፕ የሚባሉት ፓኬጆች ደግሞ ከአፕት ውጭ ናቸው፤ በቀን አራት ጊዜ አዲስ እትም ይጠይቃሉ፣ ሲያገኙም ራሳቸው ያወርዳሉ። ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ነው። በስልክ ዳታ የሚሠራ ሰው ግንኙነቱን የሚቆጠር ብሎ መዝግቦ ስናፕ እንዲታገሥ ካላዘዘው ጥቅሉ ወዴት እንደሄደ ይጠፋበታል።

ማንሳት ከማዘመን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያነሣል፤ በ«ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ያሉትን የማስተካከያ ፋይሎች ግን ይተዋቸዋል። ፕሮግራሙ ነገ ቢመለስ የትናንቱን ቅንብር ያገኛል። ለሰርቨር ይህ ጥሩ ነው። «ፐርጅ» እነዚያንም ይጠርጋል። የተበላሸ ቅንብር ያለው ፕሮግራም ተነሥቶ ሲመለስ ያው ችግር የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሪሙቭ ብቻ ስለተደረገ ነው። ሁለቱም በተጠቃሚው የቤት ፎልደር ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎችና የግል ቅንብሮች አይነኩም።

ሦስተኛው «ኦቶሪሙቭ» ነው። አፕት በሰው ትእዛዝ የገባውንና ሌላውን ተከትሎ የገባውን ለይቶ ይመዘግባል። ተከትሎ የገባው ፓኬጅ የሚፈልገው ሌላ ፕሮግራም ሲያጣ ኦቶሪሙቭ ያነሣዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አደጋው ሰውየው ሲጠቀምበት የኖረው ነገር በመዝገቡ ላይ «ተከታይ» ተብሎ ሲገኝ ነው። አማርኛ መጻፊያውን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በላቲን ቁልፎች ግዕዝ የሚያስጽፈው የሴራ ዘዴ በሊኑክስ ላይ የሚገኘው «ኤም 17 ኤን» በሚባለው የመረጃ ፓኬጅ ውስጥ ነው፤ አይባስ የሚባለው የጽሑፍ ማስገቢያ በእርሱ ላይ ይንጠለጠላል። ስሙ ምንም የማይነግረውን ይህን ፓኬጅ ቦታ ለማስለቀቅ ያነሣ ሰው በማግስቱ «ሀ» ብሎ መጻፍ ያቅተዋል። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽም ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው። እንዲህ ያለውን ፓኬጅ «አፕት ማርክ» በሚባለው ትእዛዝ በሰው የተጠየቀ ነው ብሎ ማስመዝገብ ከኦቶሪሙቭ ይጠብቀዋል።

ይህ ጉዳይ በሰበታ ሲታሰብ ክብደቱ ይጨምራል። በከተማዋ የሚገኘው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ማየት የተሳናቸውን ልጆች ለትውልዶች ሲያስተምር የኖረ ነው። ማየት የተሳነው ሰው ሊኑክስን የሚጠቀመው ኦርካ በሚባለው የስክሪን አንባቢ ነው። ኦርካ ድምፅ የሚያወጣው ስፒች ዲስፓቸር በተባለ ፓኬጅ በኩል ነው፤ ስፒች ዲስፓቸር ደግሞ ቃሉን የሚያስነብበው አማርኛን ጭምር በሚያውቀው በኢስፒክ ኤንጂ ነው። ከሰንሰለቱ አንዱ ቢነሣ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ዓይናማ ሰው ስሕተቱን ከስክሪኑ አንብቦ ያርማል፤ እዚህ ላይ ግን የተነሣው ራሱ ማንበቢያው ነው። ለእንዲህ ያለ ተጠቃሚ ማሽን የሚያዘጋጅ ባለሙያ ማንኛውንም ነገር ከማንሳቱ በፊት በሲሙሌት ፈትሾ፣ ሦስቱ ስሞች በሚነሡት መካከል አለመኖራቸውን ማረጋገጥ ግዴታው ነው።

አፕት ከማንሳቱ በፊት ሁልጊዜ ዝርዝሩን አሳይቶ ይጠይቃል። የማያነብ ሰው ምን እንደሚደርስበት በዓለም ፊት የታየው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ነው። ሊነስ ሴባስቲያን የተባለው ካናዳዊ የዩቲዩብ አቅራቢ ፖፕ ኦኤስ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ስቲም የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም ሊጭን ሲሞክር፣ በማከማቻው ውስጥ በነበረ የፓኬጅ ጉድለት ምክንያት አፕት መላውን የዴስክቶፕ ገጽታ ለማንሳት አሰበ። ማስጠንቀቂያም ሰጠ፤ «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የሚል ሐረግ በሙሉ እንዲጻፍም ጠየቀ። ሐረጉ ተጻፈ፤ ዴስክቶፑም ተነሣ። ጉድለቱ የፓኬጁ፣ ንባቡ ደግሞ የሰው ነበር። የአፕት አዘጋጆች ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን ማንሳት ይበልጥ አከበዱት።

የቦታ ጥበት ሲኖር መጀመሪያ የሚፈተሸው አሮጌ ከርነል ነው። እያንዳንዱ የከርነል ማዘመኛ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ያስቀምጣል፤ «ቡት» የሚባለው ክፍል ለብቻው ጠባብ ሆኖ ከተከፈለ ይሞላና ቀጣዩ ማዘመኛ መሀል ላይ ይቆማል። ኦቶሪሙቭ አሁን የሚሠራውንና የቅርብ ጊዜዎቹን አስቀርቶ የቀሩትን ያነሣል። ፋይሎቹን በእጅ መሰረዝ ግን መዝገቡ አለ የሚለው ዕቃ በመደርደሪያው ላይ እንዳይገኝ ያደርጋል።

የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ እትሞች አምስት ዓመት የደኅንነት ማዘመኛ ያገኛሉ። የ20.04 መደበኛ ጊዜ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አብቅቷል፤ 24.04 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል። ኡቡንቱ ፕሮ የተባለው አገልግሎት ለግል ተጠቃሚ እስከ አምስት ማሽን በነጻ ተጨማሪ አምስት ዓመት ይሰጣል። ጊዜው ባለፈበት እትም ላይ አፕግሬድ ሲታዘዝ የሚዘምን የለም የሚል መልስ ቢመጣ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ የሚልክለት ስለሌለ ነው።

በሬድ ሃት ቤተሰብ፣ ማለት በፌዶራና በመሰሎቹ፣ የአፕትን ቦታ የያዘው ዲኤንኤፍ ነው፤ በፌዶራ ከ22ኛው እትም፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ዲኤንኤፍ ፕሮግራም ሲያነሣ ተከትለው የገቡትንም አብሮ ያነሣል፤ ሌላ ትእዛዝ አይጠብቅም። በምትኩ እያንዳንዱን ሥራ ቁጥር ሰጥቶ ስለሚይዝ «ሂስትሪ አንዱ» ሲባል የተባለውን ቁጥር ወደ ኋላ ለመመለስ ይሞክራል። አፕት ይህን ያህል ቀላል መመለሻ ባይኖረውም ታሪኩን አይጥልም። በ«ቫር» ፎልደር፣ «ሎግ» በሚለው ሥር፣ «አፕት» ውስጥ የሚገኘው የታሪክ ፋይል በየትኛው ቀንና ሰዓት በምን ትእዛዝ የትኛው ፓኬጅ እንደገባ፣ እንደዘመነ፣ እንደተነሣ መስመር በመስመር ይዟል። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የተባለ ማሽን የቀረበለት ባለሙያ መጀመሪያ የሚከፍተው ይህን ፋይል ነው፤ የትናንቱን ቀን ፈልጎ የተነሡትን ስሞች ያነብባል፣ ከዚያም የሚያስፈልገውን መልሶ ያስገባል።